ጠባሳው እስኪለዝብ፦ የወንድ ልጅ ጡት ማበጥ፣ ቀዶ ሕክምናውና የቤተሰብ ድርሻ

በዚህ ዐምድ ስለ ጡት ሲነሣ አንባብያን ወዲያው የሚያስቡት ስለ እናት ጡት ወተት፣ ወይም ሴቶችን ስለሚያጠቃው የጡት ካንሰር እንደሚሆን አያጠራጥርም። የዛሬው ጉዳያችን ግን የወንድ ልጅ ጡት ነው። ነገሩ አንዳንዱን ሰው ፈገግ ሊያሰኘው ይችላል። ችግሩ በደረሰበት ቤት ግን ፈገግታ የለም።

ደብረ ታቦር ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗና የጉናም ብርድ ስለሚወርድባት፣ ሰው ጋቢውን፣ ኩታውንና ጃኬቱን የሚጥልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህም ደረቱ ያበጠበት ጎረምሳ ነገሩን ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሸፍኖ ሊኖር ይችላል። የሚቸገረው ደረት የሚገለጥበት ቀን ሲመጣ ነው። ከጓደኞች ጋር ወንዝ ወርዶ ገላ መታጠብ አለ፤ ጠበል ገብቶ እስከ ወገብ መራቆት አለ፤ በትምህርት ቤትም የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለ። ልጁ በእነዚህ ቀናት ሁሉ ሰበብ ይፈልጋል። ትከሻውን ሰብሰብ፣ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ መሄድን ይለምዳል። እናት «ምን ሆነህ ነው ልጄ? እስቲ ልይህ» ስትለው፣ «ምንም አልሆንሁ እማዬ፤ ተይኝ» ብሎ ይሸሻል። አባትም ልጁ ሥራ ጠልቶ እየመሰለው ይቆጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን አባባል ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን በሽታው በጡት ላይ፣ በሽተኛው ደግሞ ወንድ ልጅ ሲሆን አፍ ይያዛል።

ለዚህ ችግር ሕክምና አለው። ከሕክምናዎቹም አንዱ ያደገውን ሥጋ ቀዶ ማውጣት ነው። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ ቁስሉ ድኖ ጠባሳው እስኪለዝብ ድረስ ያለው ጊዜ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ይወስዳል። የመጀመሪያው በሐኪም እጅ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ግን አብዛኛው በቤት ውስጥ፣ በእናት፣ በእኅት ወይም በሚስት ዐይን ሥር የሚያልፍ ነው። ብዙ ሥጋትና ብዙ ስሕተት የሚታየውም በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ይህን የጡት ማበጥ «ጋይኔኮማስቲያ» ይሉታል። ቃሉ «ሴት» እና «ጡት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ በ2ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከታዋቂው ሐኪም ከጋሌን ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ሰው ወንድም ይሁን ሴት ሲወለድ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጥቂት የእጢ ሥጋ አለው። በወንድ ሰውነት ውስጥም የሴት ሆርሞን የሚባለው ኤስትሮጅን በጥቂቱ ይገኛል። በዚህና የወንድ ሆርሞን በሚባለው በቴስቶስቴሮን መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ ያ ጥቂት ሥጋ ያድጋል። ልጁ ወደ ሴትነት እየተለወጠ ነው ማለት አይደለም። ወንድነቱን አይቀንሰውም። ርግማንም ሆነ የሰው ዐይን ያመጣው ነገር አይደለም።

እብጠቱ በሦስት የዕድሜ ክልሎች ይበዛል። የመጀመሪያው አራስነት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ባገኘው ሆርሞን ምክንያት ጡቱ ሊያብጥ፣ ከጫፉም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሊወጣው ይችላል። ይህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። «ወተቱ ይውጣለት» ብሎ መጭመቅ ግን ሕፃኑን ለቁስልና ለመግል ይዳርገዋልና እናቶችና አዋላጆች ሊጠነቀቁ ይገባል። ሁለተኛው ጉርምስና ነው። ድምፁ መጎርነን በሚጀምርበት ዘመን ካሉት ወንዶች ልጆች ግማሽ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጡት፣ ከጡታቸው ጫፍ ሥር ሲነካ የሚያም ጠጠር ብጤ ይሰማቸዋል። ከእነዚህም አብዛኛዎቹ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይድናሉ። ሦስተኛው ከ50 ዓመት በኋላ ያለው ዕድሜ ነው፤ የወንድ ሆርሞን የሚቀንስበት፣ መድኃኒትም የሚበዛበት ዘመን ነውና።

በውፍረት ምክንያት ደረት ላይ የተጠራቀመ ስብ ከዚህ ይለያል። ስቡ ሲጫኑት ለስላሳ ነው። እጢው ግን ከጡቱ ጫፍ ሥር እንደ ጎማ ጠንከር ያለ ክብ ሆኖ ለጣት ይሰማል። ሁለቱ ተደባልቀው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

መነሻው ሳይታወቅ ወደ ቀዶ ሕክምና አይኬድም

አንድ ጎልማሳ ጡቱ ሲያብጥ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለሚወስደው መድኃኒት ነው። ለልብ ድካምና ለሆድ ውኃ መቋጠር የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን፣ ለፈንገስ የሚዋጠው ኬቶኮናዞል፣ ለጨጓራ ይታዘዝ የነበረው ሲሜቲዲን የወንድን ጡት ሊያሳብጡ እንደሚችሉ ከታወቀ ቆይቷል። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከዋናዎቹ መድኃኒቶች አንዱ የነበረው ኤፋቪሬንዝም በአንዳንድ ወንዶች ላይ ይህን ያስከትል ነበር። በኋላ ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት በአብዛኛው ተክቶታል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። መድኃኒቱ ጡቴን አሳበጠው ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕይወትን የሚያሳጣ ስሕተት ነው። ለሐኪም ከተነገረ በሌላ መድኃኒት ሊለወጥ ይችላል።

የጉበት ሕመምም መነሻ ይሆናል። ዓረቄን ያለ ልክ ለዓመታት የጠጣ ሰው ጉበቱ ሲጎዳ ሰውነቱ ኤስትሮጅንን እንደ ድሮው ማስወገድ ይሳነዋል። በከተማ ደግሞ ቶሎ ጡንቻ ለማውጣት ሲሉ የሆርሞን መርፌና ክኒን የሚወስዱ ወጣቶች የሚያገኙት የፈለጉትን ደረት ሳይሆን ያልፈለጉትን ጡት ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎም በዘር ፍሬ ላይ የሚወጣ ዕጢ ራሱን በጡት እብጠት ይገልጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ደረትን ለማየት መጥቶ ሌላውንም አካል ልመርምር ቢል ሊያሳፍር አይገባም።

የጡት ካንሰር ወንድንም የሚይዝ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በጠቅላላው ከሚታየው የጡት ካንሰር 1 በመቶ ያህሉ በወንዶች ላይ የሚገኝ ነው። እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ድንጋይ የመሰለ ጥንካሬ ካለው፣ ከጡቱ ጫፍ ሥር ሳይሆን ወደ ጎን ከተቀመጠ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም ከቆሰለ፣ ከጫፉ ደም ከወጣ፣ በብብትም ጠጠር ከተዳሰሰ ቀን ሳይሰጡ መመርመር ያስፈልጋል።

በደቡብ ጎንደር ለዚህ የመጀመሪያው በር ቅርብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ሴቶች የጤና ባለሙያዎች ተመድበዋል። ጎረምሳው ለእነርሱ ደረቱን መግለጥ ቢያፍር እናቱ ቀድማ ልትነግርለት ትችላለች። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ የበለጠ ምርመራ ካስፈለገ ደግሞ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ አለዚያም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእነርሱ አንዷ ፎገራ እንደነበረች የአካባቢው ሰው ያስታውሳል። መድኑ ለቁንጅና ተብሎ ብቻ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ ሕመም ካለ፣ እብጠቱም ምርመራ የሚያሻው ከሆነ፣ ሐኪሙ ምክንያቱን በግልጽ እንዲጽፍ ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ቀዶ ሕክምናው

እብጠቱ ከ1 ዓመት በላይ ሲቆይ እጢው ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ጅማት መሰል ሥጋ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት እምብዛም አያጠፋውም። ሕመሙ የጸና፣ እብጠቱ የተለቀ፣ ወይም ልጁን ከሰው የለየው ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

ሥራው አዲስ ግኝት አይደለም። በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሐኪም የኤጊናው ጳውሎስ ከጡቱ በታች ጨረቃ መሰል ቅድ አድርጎ ትርፉን ሥጋ ማውጣት እንደሚቻል ጽፏል። በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዌብስተር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቅዱን በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ የታችኛው ጠርዝ ላይ ማድረግን አስተዋወቀ። የጥቁሩና የቀሪው ቆዳ ድንበር ጠባሳውን ስለሚሰውረው ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስብ የበዛ እንደሆነ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል። ቆዳው በጣም ከተለጠጠ ግን ቅዱ ይረዝማል፤ ጠባሳውም የዚያኑ ያህል ይጎላል። ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ቅዱ የት እንደሚያርፍና ምን ያህል እንደሚረዝም ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው።

ገበሬ ቤተሰብ ጊዜውንም ቢመርጥ ይጠቀማል። ጥድፊያ የሌለው ጉዳይ ከሆነ፣ እህል ከተወቃ በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት ከሰኔ እርሻና ከኅዳር አጨዳ ይሻላሉ፤ ታካሚው ለ6 ሳምንት ያህል ከከባድ ሥራ መራቅ አለበትና።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚያሠጋው ደም ከቆዳው ሥር መቋጠሩ ነው። አንዱ ወገን በድንገት ከሌላው ይልቅ ካበጠ፣ ከጠበደለና ሕመሙ ከበረታ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል። ቀናት ካለፉ በኋላ ደግሞ ውኃ መሳይ ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል። ይህን ሐኪም በመርፌ ይቀዳዋል፤ ቤት ውስጥ በመርፌ መንካት ግን ክልክል ነው። ፈሳሽ እንዲወጣ ቀጭን ቱቦ ተደርጎለት የወጣ ታካሚ ቱቦውን እስኪያስወጣ ድረስ የሚፈሰውን መጠን በየቀኑ መዝግቦ ቢያሳይ መልካም ነው።

የሚለጠጥ ፋሻ ወይም ለዚሁ የተሠራ ጠባብ ሰደርያ ደረትን ደግፎ እንዲይዝ ለ4 እስከ 6 ሳምንታት ይታዘዛል። አራስ እናት ወገቧን በመቀነት እንደምትታሰር ሁሉ ይህም ባዶ የቀረውን ቦታ ለመደገፍ ነው። ነገር ግን ጠብቆ ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም ቆዳውን የሚያሰምር መሆን የለበትም። መኝታ በጀርባ፣ ከራስጌ ከፍ ብሎ ይሁን። እጅን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ይፈቀዳል፤ ትከሻ እንዳይደርቅ ይረዳልና። ሞፈር ቀንበር ማንሣት፣ እንጨት መፍለጥ፣ አህያ መጫን፣ ማጭድ መያዝ ግን አይፈቀድም። ቡሄ በዚህ መካከል ቢውልና ልጁ ነሐሴ 13 ቀን ጅራፍ ላጩህ ቢል ዘንድሮ ይቅርበት፤ ጅራፍ ሲወነጨፍ የሚሳበው የደረት ጡንቻ ነው።

ቁስልን የሚሠራው ምግብ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ እንቁላልና ወተት ለዚህ ይበጃሉ። ጾም ከሆነም ለሕመምተኛ ስላለው ፈቃድ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው። ሲጋራ ወደ ቁስሉ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ መተው አለበት።

ከጋይንት ወይም ከስማዳ ለሚመጣ ሰው ስፌት ለማስወጣት እንደገና ሩቅ መንገድ መሄድ ይከብዳል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት «ስፌቱን ቅርባችን ያለው ጤና ጣቢያ ሊያወጣልን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅና የተጻፈ ወረቀት ይዞ መሄድ ብልኅነት ነው።

ጠጣሩ ነገር ተመለሰ ወይ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ከጡቱ ጫፍ ሥር እንደገና ጠጣር ነገር ይዳስሳል። ቦታው ያው የቀድሞው ቦታ ነው። ልጁ ይደነግጣል፤ እናቱም ትደነግጣለች። «አልወጣም ማለት ነው» ይባላል። «ሐኪሙ አታሎናል» ይባላል። ከዚያም አልፎ ካንሰር ነው ተብሎ በቤቱ ለቅሶ ይገባል። በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ወደ ወጌሻ የሚሄድ፣ ቅጠል የሚያስር፣ ወይም ዳግመኛ ካልተቀደድሁ የሚል ወጣት ይኖራል።

የዚህ ጠጣር ነገር ምንጭ ብዙውን ጊዜ የመዳን ሥራ ራሱ ነው። ሰውነት የተከፈተውን ቦታ የሚጠግነው ኮላጅን በተባለ ክር መሰል ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ክሩን አብዝቶ፣ ሥርዓት ሳይዝ ያከማቸዋል። ልክ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ማገሩንና ጭቃውን አብዝቶ አቅርቦ ትርፉን በኋላ እንደሚያነሣው ያለ ነው። ስለዚህም ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ጠባሳው ከምንጊዜውም ይልቅ ጠንካራ፣ ጥቁርና ጎበጥ ያለ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ትርፉ እየተነሣ፣ ክሩ እየተሰለፈ ይሄዳል። ቁስሉ በ3ኛው ሳምንት ያለው ጥንካሬ ከጤናማው ቆዳ 20 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ3ኛው ወር ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። እንደ ድሮው መቶ በመቶ ግን አይሆንም።

ሌላም ምክንያት አለ። ሐኪሙ ከጡቱ ጫፍ ሥር ያለውን ሥጋ ሁሉ ጠርጎ ቢያወጣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሰምጦ ደረቱ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ ጫፉም ደም ሊያጣ ይችላል። ይህ እንዳይሆን ሐኪሙ አውቆ ስስ ንጣፍ ይተዋል። ስለዚህ ጥቂት ጠጣርነት ዘወትር ቢቀር ስሕተት አይደለም።

ታዲያ ጠባሳውን ከተመለሰ እብጠት በምን እንለየው? በጊዜ ነው። ጠባሳ ቀን በሄደ ቁጥር ይለዝባል፤ የተመለሰ እጢ ግን ቀን በሄደ ቁጥር ያድጋል። ለዚህ የሚበጀው በየቀኑ መነካካት ሳይሆን በወር አንድ ጊዜ ማየት ነው። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በ12 ቀን ከሆነ በየወሩ ሚካኤል፣ በ21 ከሆነ በየወሩ ማርያም ዕለት ተዳስሶ «ካለፈው ወር ይልቅ ይበልጣል ወይስ ያንሣል?» ብሎ መመዘን አይረሳም። ከ3 ወር በኋላ እያነሰ የሚሄድ ከሆነ ሥጋት የለም። ከ6 ወር በኋላ እያደገ ከሄደ፣ በተለይም መነሻ የሆነው መድኃኒት ወይም መጠጥ ካልተተወ፣ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

ቁስሉ ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት ወዲያ፣ ሐኪም ሲፈቅድ ጠባሳውን በንጹሕ ጣት በቫዝሊን በቀን 2 ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ያለዝበዋል። የጡቱ ጫፍ መደንዘዝም የተለመደ ነው። ስሜቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ጥቂት ድንዛዜ ይቀራል።

ከቁስሉ ድንበር የሚያልፍ ጠባሳ

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ዓይነት ጠባሳ አለ፤ ኬሎይድ ይባላል። ተራ ጎበጥ ያለ ጠባሳ በቁስሉ ድንበር ውስጥ ይቆያል፤ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥም ይተኛል። ኬሎይድ ግን ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጤናማው ቆዳ ይሄዳል፤ ያሳክካል፤ ያማል፤ በራሱም አይጠፋም። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ፣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ደግሞም በጆሮ፣ በትከሻና በደረት ላይ ይበዛል። ወጣት፣ ጥቁር ቆዳ ያለውና ደረቱን የሚቀደድ ልጅ ሦስቱንም አሟልቷል ማለት ነው።

በዘርም ስለሚሄድ ቤተሰብ አስቀድሞ ራሱን ቢመለከት ይጠቅማል። እናት ወይም እኅት ጆሯቸውን ሲበሱ እንደ አተር ያበጠ ሥጋ አውጥቶባቸው ከሆነ፣ የአንገት ንቅሳታቸው ጎድሮ ቀርቶ ከሆነ፣ የልጁም የክትባት ጠባሳ ከክንዱ በላይ ያደገ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መንገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ ቅዱን ሊያሳጥር ወይም ቀዶ ሕክምናው ይቅር ሊል ይችላል። ኬሎይድ ከወጣ በኋላ ብቻውን ተቆርጦ ቢጣል ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። የሚሻለው በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ በጠባሳው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ነው። በጠባሳ ላይ ለወራት የሚለጠፈው የሲሊኮን ንጣፍም ይረዳል። ቶሎ መጀመሩ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

እዚህ ላይ በአካባቢያችን የሚደረገውን አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። እብጠትን በጋለ ብረት መተኮስ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። የልጅን ጡት መተኮስ እጢውን አያጠፋውም፤ ይልቁንም ለኬሎይድ በተመቸው ቦታ ላይ ጥልቅ ቃጠሎ ይጨምርበታል። በተሰፋ ቁስል ላይም ቅቤ መቀባት፣ የተወቀጠ ፌጦ ወይም አመድ ማድረግ ለመግል በር ይከፍታል። ጠበልን በተመለከተ እምነትንና ሕክምናን ማጋጨት አያስፈልግም። ጠበሉን መጠጣት ይቻላል፤ ገላን አራቁቶ መጠመቁ ግን ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ እስኪዘጋ ይቆይ። ብዙ ካህናትም ይህንኑ ይመክራሉ።

ከቆዳው በታች ያለው ቁስል

ጠባሳ ከቆዳ በታችም አለ። አንድ ልጅ ለ3 ዓመት በቅጽል ስም ሲጠራ ከኖረ፣ እጢው በወጣ ማግስት አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል ማለት አይደለም። ትከሻውን ማጉበጡን ሰውነቱ ለምዶታል። መስተዋት ፊት ቆሞ ሁለቱን ወገን ሲያስተያይ ይውላል፤ በጥቂቱ ቢበላለጡ ያዝናል። ደረት ግን በማንም ሰው ላይ ሁለት ወገኑ ፍጹም እኩል አይደለም። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያውቀው ኖሮ ሐዘኑ ባልበዛ ነበር።

በዚህ ረገድ የአባት ድርሻ ትልቅ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ የእናትና የልጅ ምሥጢር ሆኖ ይቀራል፤ አባት ሲሰማ ይቆጣል ተብሎ ይፈራልና። ነገር ግን ልጁን ከወንድነት አላጎደለህም ብሎ በቃሉ ሊያሳርፈው የሚችል ከአባቱ የበለጠ ሰው የለም። አባት ካልኖረም ታላቅ ወንድም፣ አጎት ወይም መምህር ይህን ሊያደርግ ይችላል። እኅቶችም ቢሆኑ በቁጣ ጊዜ የሚያመልጣቸውን ቃል ይጠብቁ። በትምህርት ቤት በቅጽል ስም የሚጠራውን ልጅ የክፍሉ ኃላፊ ቢከላከልለት ከፋሻ ያላነሰ ድጋፍ ነው።

በመጨረሻም እናቶች ሊያስታውሷቸው የሚገቡ ጥቂት ምልክቶችን እንደግማለን። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም መግል፣ በድንገት የጨመረ እብጠት፣ የጡቱ ጫፍ መጥቆርና መቀዝቀዝ፣ የስፌት መከፈት ከታየ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጠንካራ ሆኖ ሳያድግ የሚቆይ፣ ሲነካ ብቻ ጥቂት የሚያም፣ በየወሩም የሚለዝብ ጠባሳ ግን የሚፈልገው ቢላዋም እሳትም አይደለም። የሚፈልገው ንጹሕ ጣት፣ ጥቂት ቫዝሊንና የ1 ዓመት ትዕግሥት ነው።